የሹም ድርሻ፣ የወታደር ቀለብና የላስታ ባላገር ጎተራ

መነሻ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂል በአገራችን የማያውቀው የለም። ብዙ ጊዜ ለቀልድ ይነገራል፤ በውስጡ ግን ረጅም ዕድሜ የኖረ የአስተዳደር ሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሹመት ለብዙ መቶ ዓመታት በተወሰነ ገንዘብ የሚታሰብ አገልግሎት አልነበረም፤ የሚበላ ነገር ነበር። የሹሙን ጭፍራ የሚመለከተውም ልማድ ከዚህ አይለይም። ጭፍራው ብር ተቆጥሮ አይሰጠውም፤ የሚበላበት አገርና የሚያድርበት ቤት ይታዘዝለት ነበር።

በዘመናችን የክፍያ ፍትሐዊነት ሲነሣ በአንድ ወገን የድርጅትና የመሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊዎች፣ በሌላ ወገን በጠረፍ የሚያድረው ወታደር ይነጻጸራሉ። አንዱ በወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ያህል ያገኛል፣ ሌላው ሕይወቱን አስይዞ የሚያገኘው ይህን ብቻ ነው ይባላል። ንጽጽሩ ተገቢ ነው፤ መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ኢማሙም ከሶላት በኋላ ጥያቄውን መስማታቸው አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ግን የላስታን ደጋ ታሪክ ከቀደሙት ኸሊፋዎች አሠራር ጋር አስተያይተን አንድ ነገር ለማሳየት እንሞክራለን። የሹሙና የወታደሩ ድርሻ ሲመዘን ሦስተኛው ሰው፣ ማለትም ከፋዩ፣ ካልተቆጠረ ሚዛኑ ትክክል ሊኾን አይችልም።

በላስታ ደጋ የነበረው ሥርዓት

የላስታ ደጋ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ የተዘረጋ፣ ገደሉና ቁልቁለቱ የበዛ፣ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት አገር ነው። የዛጔ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው፣ በኋላም በንጉሡ ስም ላሊበላ የተባለችው ሮሐ በዚሁ ደጋ ላይ ትገኛለች። የዛጔ መንግሥት ካለፈ በኋላም ላስታ ከጎረቤቱ ከዋግ ጋር የራሱ ባላባቶች የነበሩት፣ ለማዕከላዊው መንግሥት አንዳንዴ የሚገብር፣ አንዳንዴም የሚሸፍት አገር ኾኖ ቆይቷል።

በዚህ አገር ገበሬው በመሬቱ ላይ የነበረው መብት ርስት ይባላል። ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ደግሞ ጉልት ነው። ጉልቱ ለሹሙ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ ነበር። ሹሙ ከእህሉ ድርሻውን ይወስዳል፤ ማር ይቀበላል፤ ገበሬው በተወሰኑ ቀኖች ሁዳድ እንዲያርስለት ያደርጋል፤ ከሙግት የሚገኘውን መቀጫና እጅ መንሻም ይሰበስባል። ወታደሩ ማደሪያ የተባለ መሬት ከተሰጠው በዚያ ይኖራል፤ ካልተሰጠው ወይም በዘመቻ ላይ ካለ በባላገሩ ቤት ይመራል። የተመራበት ቤት ለእርሱ እንጀራና ጠላ፣ ለበቅሎውም ገፈራ ማቅረብ ግዴታው ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ «ሹሙ ከወታደሩ ስንት እጥፍ ያገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም። የሹሙ ገቢ በመዝገብ አልሰፈረም፤ የወታደሩም እንዲሁ። ሹሙ ለጭፍራው ሳይሰስት ቢያበላ ደግ ጌታ ይባላል፤ ደግነቱ ግን ከገበሬው ጎተራ የወጣ ነው። ቢሰስት ደግሞ ጭፍራው ራሱ ወደ ጎተራው ይሄዳል። በጌታና በጭፍራ መካከል የሚደረገው ክርክር በየትኛውም መንገድ ቢፈታ የሚከፍለው ያው ሰው ነበር።

የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ሥፍራ ከዚህ ጥቂት ይለያል። በክርስቲያኑ ደጋ የሚኖሩ ጀበርቲ ነጋዴዎች በአብዛኛው የርስት መብት ስላልነበራቸው ለሹሙ የሚከፍሉት በዋናነት በኬላ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ አልፎ ወደ ደቡብ ሲወርድ በየወሰኑ ኬላ ይጠብቀው ነበር። የኬላው ቀረጥ ለበሩ ሹም ከገቢው አንዱ ክፍል ስለ ነበረ፣ ኬላ በበዛ ቁጥር ያው አንድ ጭነት ደጋግሞ ይቀረጣል። ስለዚህ ነጋዴው መሬት ባይኖረውም ከሹም አበል ከፋዮች አንዱ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ወገን ታሪክ ልንዘል አይገባም። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1533 እ.ኤ.አ. ላሊበላ ደርሰው ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንዳዩ ዐረብ ፈቂህ የተባሉት ሺሃቡዲን አሕመድ በ«ፉቱሕ አል ሐበሻ» መጽሐፋቸው ጽፈዋል። የኢማሙ ሠራዊት ኑሮ በምርኮ ድርሻ ላይ የቆመ ነበር፤ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ደግሞ በተመራበት መሬትና በባላገሩ ላይ። ሁለቱ ሠራዊቶች በሃይማኖትና በዓላማ ተለያይተው ተዋግተዋል። በመካከላቸው የነበረው የደጋ ገበሬ ግን ከየትኛውም ወገን በመዝገብ የተወሰነ፣ «ከዚህ አያልፍም» የተባለ ሸክም አልነበረውም። ስለዚህ ቀጥሎ የምናነሣውን የዑመርን ሥርዓት «የእኛ ሠራዊቶች ሁልጊዜ የሠሩበት» ብለን አናቀርበውም። አንድ ጊዜ በተግባር የታየ፣ በኋላም ብዙዎች የራቁት መመዘኛ አድርገን እናቀርበዋለን።

የሰዋድ መሬትና የዑመር ውሳኔ

የዒራቅ ለም መሬት፣ ሰዋድ የሚባለው፣ በተከፈተ ጊዜ የተዋጉት ሰዎች መሬቱ እንደ ሌላው ምርኮ እንዲከፋፈላቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው መሠረት ነበረው፤ አምስተኛው እጅ ከወጣ በኋላ ምርኮ ለተዋጊው እንደሚደርስ ያውቃሉና። ከሶሓቦች መካከል ቢላልን (ረ.ዐ.) የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ይህን አቋም አጥብቀው ይዘው ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ግን መሬቱ ከነገበሬው ለወታደር ከተከፋፈለ ኋላ የሚመጣው ትውልድ ምን ይቀረዋል? ጠረፉንስ የሚጠብቀው ሠራዊት በምን ይተዳደራል? ብለው ተከራከሩ። ከአንሷሮች ዐሥር ሰዎችን ጠርተው አማከሩ፤ በሱረቱል ሐሽር ከሙሃጂሮችና ከአንሷሮች ቀጥሎ «ከእነርሱ በኋላ የመጡት» የተጠቀሱበትንም ክፍል ማስረጃ አደረጉ። በመጨረሻ መሬቱ በገበሬዎቹ እጅ ቀረ። ገበሬው የታወቀ ኸራጅ ይከፍላል፤ ኸራጁ በይቱል ማል ይገባል፤ ወታደሩም ከዚያ ይከፈለዋል።

የዚህን ውሳኔ ትርጉም ከላስታ ጎን ቆሞ ማየት ይጠቅማል። ወታደርን የመክፈያ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ገበሬውን ራሱን ለወታደሩ መስጠት ነው። ሁለተኛው ከገበሬው የተለካ ነገር ተቀብሎ ለወታደሩ ከመንግሥት ቤት መስጠት ነው። የእኛ ጉልትና ማደሪያ የመጀመሪያው ነው፤ ዑመር የመረጡት ሁለተኛውን ነው። በሁለተኛው መንገድ ወታደሩና ገበሬው ፊት ለፊት አይገናኙም፤ በመካከላቸው ጸሐፊና መዝገብ አለ።

መሬቱን እንዲለኩ ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍና ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ.) ተላኩ። ከሚዘገቡት መጠኖች አንዱ ለአንድ ጀሪብ ስንዴ 4 ድርሃም፣ ለአንድ ጀሪብ ገብስ 2 ድርሃም የሚል ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲመለሱ ዑመር የጠየቋቸው ስንት ገንዘብ እንዳመጡ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱን ከአቅሙ በላይ አሸክማችሁት ይኾን? ብለው ጠየቋቸው።

በዲዋኑ ውስጥ የሹምና የወታደር ድርሻ

ዲዋኑ የተቋቋመው እንደ ዘገባዎቹ ልዩነት በ15 ወይም በ20 ዓመተ ሂጅራ ነው። ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈልና ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም የሕዝቡን ስም በየነገዱ ጻፉ። ከዚያ በፊት አቡበክር (ረ.ዐ.) የመጣውን ሀብት ለሁሉም እኩል ያካፍሉ ነበር። ቀድሞ የሰለመና ብዙ የተጋደለ ሰው ይብለጥ በተባሉ ጊዜ፣ የቀደምትነት ምንዳ ከአላህ ዘንድ ነው፣ ይህ ግን የኑሮ ጉዳይ ስለ ኾነ እኩልነት ይሻለዋል የሚል አሳብ እንደ ሰጡ ይተረካል። ዑመር በቀደምትነት ደረጃ ለዩ። በታወቁት ዘገባዎች ለበድር ተዋጊዎች በዓመት 5,000 ድርሃም፣ ከበድር በኋላ እስከ ሑደይቢያ ለመጡት 4,000፣ ከዚያ ወዲህ ለኾኑት 3,000፣ ቃዲሲያንና የርሙክን ለተዋጉት 2,000 ተመደበ። ከዚያ በኋላ የመጡት እየቀነሰ እስከ 300 ድርሃም የወረደ ድርሻ ነበራቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ፤ አዛዡና ሹሙስ? ቃዲ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተሰኘው፣ ለኸሊፋ ሃሩን አር ረሺድ ባዘጋጁት መጽሐፍ ለሠራዊት አዛዦችና ለአገር ሹማምንት ከ7,000 እስከ 9,000 ድርሃም እንደ ተመደበ መዝግበዋል። መለኪያውም ለምግባቸው የሚበቃቸውና የተሸከሙት ኃላፊነት ነበር። ይህ ከቃዲሲያ ተዋጊ ድርሻ ሦስት ተኩል እስከ አራት ተኩል እጥፍ ነው። ከበድር ተዋጊ ድርሻ ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከዝቅተኛው፣ ከ300 ድርሃም ጋር ሲተያይ ደግሞ ልዩነቱ ከ23 እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ያስተምራሉ። በአንድ በኩል ዲዋኑ ሹሙንና ወታደሩን እኩል አላደረገም፤ ኃላፊነት ዋጋ አለው ብሎ ተቀብሏል። በሌላ በኩል ምንም ሥልጣን የሌለው አንድ አሮጌ የበድር ተዋጊ ለአዛዡ የቀረበ ድርሻ ያገኛል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የተመደበላቸው 12,000 ድርሃም ደግሞ ከማንኛውም አዛዥ ይበልጥ ነበር። ዑመር ለኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ከራሳቸው ልጅ ከዐብዱላህ አስበልጠው መድበዋል፤ ልጃቸው በጠየቁ ጊዜም የኡሳማ አባት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ከአንተ አባት ይበልጥ የተወደደ ነበር ብለው መልሰዋል። ከሁሉም በላይ ሁሉም በመዝገብ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ቅር ያለው ሰው ቁጥሩን ጠቅሶ ሊከራከር ይችል ነበር። ዑመር ራሳቸው በዘመናቸው መጨረሻ ዕድሜ ቢሰጣቸው የኋለኛውን ሕዝብ ከፊተኛው ጋር እኩል ሊያደርጉት እንዳሰቡ ተዘግቧል። ከዚህ በመነሣት ደረጃው እንደ ዘላለማዊ ሕግ ሳይኾን ሊታረም እንደሚችል ውሳኔ ይታይ ነበር ማለት እንችላለን።

መዝገቡ ብቻውን ግን አልበቃም። ዑመር ሹም ሲሾሙ የሹሙን ሀብት አስቀድመው ያስጽፉ ነበር፤ ከሹመቱ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ያደገውን ይካፈሉ ነበር። የግብጹን ገዢ ዐምር ኢብኑል ዓስን ሀብት እንዲያካፍሉ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ መላካቸው የታወቀ ነው። የዚህ አሠራር ሥር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ውስጥ ነው። ኢብኑል ሉትቢያ የተባለው የዘካ ሰብሳቢ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደ ነበር በአደባባይ ጠይቀዋል። በሌላ ሐዲስም በሥራ ላይ ተመድቦ አበል የተቆረጠለት ሰው ከዚያ በላይ የሚወስደው ጉሉል፣ ማለትም ከሕዝብ ሀብት የተሰረቀ እንደ ኾነ አስተምረዋል። የአገራችን «ሲሾም ያልበላ» ብሂል በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ራሱን ያጋልጣል።

ስለ ኬላም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከተግሊብ ነገድ የኾነ አንድ ክርስቲያን ነጋዴ ፈረሱን ይዞ ሲያልፍ ቀረጥ ከፈለ፤ ሲመለስ ያው ቀራጭ ዚያድ ኢብኑ ሑደይር እንደገና ጠየቀው። ነጋዴው ወደ ዑመር ሄዶ አቤት አለ፤ ዑመርም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድበት አዘዙ። ያንን ታሪክ በሰቆጣ መንገድ በየኬላው የቆመ አንድ ጀበርቲ ሰምቶት ቢኾን ኖሮ የማን ጉዳይ እንደ ኾነ ለማወቅ አይቸገርም ነበር።

አንድ በግና የአንድ አገር ጥፋት

ከዲዋኑ ዘገባዎች ሁሉ ለላስታ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የበጉ ታሪክ ነው። ዑመር ወደ ኩፋ ዐማር ኢብኑ ያሲርን ለሶላትና ለሠራዊት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድን ለፍርድና ለግምጃ ቤት፣ ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍን ለመሬት ልኬት ሲልኩ በቀን አንድ በግ መደቡላቸው። ግማሹና ሆድ ዕቃው ለዐማር፣ ከቀረው እያንዳንዱ ሩብ ለሁለቱ ኾነ። ክፍፍሉን ከወሰኑ በኋላ ዑመር በየቀኑ አንድ በግ የሚወሰድበት አገር ፈጥኖ መጥፋቱ እንደማይቀር ተናገሩ።

ይህ ንግግር አስደናቂ ነው። ኩፋ ትልቅ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ሰፊው ሰዋድ ከኋላዋ ነው። አንድ በግ ለሦስት ታላላቅ ሹማምንት ብዙ አይደለም። ዑመር ግን የበጉን ዋጋ ብቻ አላዩም። ነገ ደግሞ አንድ በግ፣ ከነገ ወዲያም አንድ በግ እያለ ከአንድ አገር የሚወጣውን ነገር ከሰጪው ጎን ኾነው አዩት። በአንድ ሌሊት ዐሥር ጭፍራ የተመራበትን የቡግና ወይም የግዳን መንደር ያሰበ ሰው የንግግሩን ክብደት ይረዳዋል።

የራሳችን ታሪክ ከዚህ መስመር እንዴት እንደ ወጣም ማስታወስ ይገባል። ግምጃ ቤቱ ሲራቆት የቡወይህ ሥርወ መንግሥት አሚር ሙዒዝ አድ ደውላ በ334 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድን ከያዘ በኋላ ለወታደሮቹ በደመወዝ ፈንታ መሬት መስጠት ጀመረ። ኢቅጧዕ የሚባለው ይህ አሠራር ገበሬውንና መስኖውን እንዴት እንዳጠፋ የታሪክ ጸሐፊው ሚስከወይህ በምሬት መዝግቧል። ይህም የዛጔ መንግሥት ከመነሣቱ በፊት ነው። እንግዲህ ጉልት የሚመስለው ነገር የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አገር ክፋት አይደለም፤ ግምጃ ቤት ሲደክምና መዝገብ ሲዘጋ በየትም የሚመጣ ነው።

በአገራችን የተደረጉ ሙከራዎች

ይህን ችግር የአገራችን ነገሥታት አላዩትም ማለት ግፍ ይኾናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ዝርፊያን በአዋጅ ከልክለው ለወታደሩ ደመወዝ ለመስጠት ሞክረዋል። ለሠራዊቱ የሚበቃ መሬት ለማግኘት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ እጃቸውን ባነሡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጋጩ፤ ግዛታቸው በዐመፅ ሲጠብና ገቢያቸው ሲነጥፍ ሠራዊታቸው ወደ ዝርፊያ ተመለሰ። በላስታና በዋግ የተነሣው የዋግሹም ጎበዜ ሽፍትነት ኃይላቸውን ካዳከሙት አንዱ ነበር፤ ጎበዜም በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

በዚያው ዘመን መጨረሻ በላስታ ደጋ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። በ1868 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ሠራዊት ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በላስታ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ሲሄድ ለሚወስደው ገብስና ሣር የማሪያ ትሬዛ ብር እየቆጠረ ይከፍል ነበር። ብሩ ለዚሁ ዘመቻ ከቪዬና ተቀርጾ የመጣ ነው። ይህን የምናነሣው ያንን ሠራዊት ለማመስገን አይደለም፤ በሰው አገር የገባ ጦር ነው፤ መንገዱ እንዳይዘጋበትም የሚከፍል ባለ ሀብት ነው። ነገር ግን የላስታ ገበሬ ጎተራውን ላስከፈተው ወታደር ዋጋ የተቀበለው ከባዕድ ጦር መኾኑ ለራሳችን አስተዳደር ታሪክ ከባድ ምስክር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ በ1892 እ.ኤ.አ. ለሠራዊቱ ቀለብ የሚኾን ዐሥራት እንዲከፈልና ወታደር በባላገር ቤት መመራቱ እንዲቀር ዐወጁ። አሳቡ ከሰዋድ ውሳኔ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ገበሬው ከእህሉ ዐሥረኛውን ይስጥ፣ ወታደሩ ከቤቱ ይውጣ። ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ በአንድ ቀን አልቆመም። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ደግሞ የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ከማዕከላዊ መንግሥት ደመወዝ የሚቀበሉ ሹማምንት እንዲኾኑና የግል ጦር እንዳይኖራቸው ደነገገ። ስለዚህ በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሹሙም ወታደሩም ደመወዝተኛ ኾኑ፤ «ስንት እጥፍ?» የሚለው ጥያቄም በወረቀት ላይ ሊመለስ የሚችል ኾነ።

1966 ዓ.ም.፦ የነገሌ ውሃና የወሎ ረኃብ

ጥያቄው የፈነዳው በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ነው። በነገሌ ቦረና የሠፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በመከልከላቸውና በምግባቸው መበላሸት ዐመፁ። ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብና ውሃ እንዲቀምሱ አስገደዷቸው። ዐመፁ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ተዛመተ፤ የደመወዝ ጥያቄም ዋና ጥያቄ ኾነ። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ፤ በየካቲት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያች ጉድጓድ አፍ ላይ የተነሣው ክርክር ከዑመር በግ ጋር አንድ ዐይነት ነው። የቁጥሩ ልዩነት ከመውጣቱ በፊት ወታደሩን ያስቆጣው አለቃው የሚጠጣውን ውሃ መከልከሉ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በላስታ ምን ይደረግ ነበር? የወሎ ረኃብ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የራያን፣ የየጁን፣ የላስታንና የዋግን ገበሬ እየፈጀ ነበር። የደጋው ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ከተሞች ወረደ። መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሞከረ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ለዓለም እስኪያሳየው ድረስ በይፋ የተነገረው ጥቂት ነው። ወታደሩ ጠመንጃ ስለ ነበረው አቤቱታው በሳምንታት ውስጥ መልስ አገኘ። ገበሬው ጠመንጃ አልነበረውም፤ የሁለቱም ደመወዝ ከእርሱ ግብር ላይ የሚነሣ ቢኾንም የእርሱን አቤቱታ በደመወዝ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያስገባ አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በነገሌ የነበረው በደል እውነተኛ በደል ነው፤ ነገር ግን በሹምና በወታደር መካከል ያለው ልዩነት ቢጠብም፣ የሁለቱም ምንጭ የኾነው ሰው እየሞተ ከኾነ ፍትሕ ተገኘ ማለት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክም ይህን አጸና። በወታደር አቤቱታ ማዕበል ላይ ተንሳፍፎ የመጣው ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የጭሰኝነትን ሸክም አነሣ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ኋላ ግን እህልን በመንግሥት ዋጋ በኮታ መረከብና የገበሬውን ልጅ በግዳጅ ለውትድርና መመልመል መጣ። በተቃራኒው ወገን የነበረው ታጋይም ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከሕዝቡ ነበር። ላስታና ዋግ የሁለቱም መመላለሻ ኾኑ።

ለመምህራንና ለኢማሞች የሚቀረው

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ላሊበላና አካባቢዋ ከአንድ ታጣቂ ወገን ወደ ሌላው ደጋግመው ተላልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ሼኹ ወይም ወደ መምህሩ የሚመጣው ጥያቄ ስለ መሥሪያ ቤት የደመወዝ እርከን አይደለም። መሣሪያ የያዘ ሰው ቤቴ ገብቶ ምግብ ቢጠይቀኝ ምን ልበል? የሰጠሁትስ ሰደቃ ነው ወይስ ግፍ? የሚል ነው። መልሱን ስንፈልግ ከላይ ያየነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስይዘናል።

የመጀመሪያው መዝገብ ነው። የሹሙም የወታደሩም ድርሻ ካልተጻፈና ካልታወቀ ስለ ፍትሐዊነቱ መነጋገር አይቻልም። ዑመር ከራሳቸው ሀብት ጀምረው ይህን አድርገዋል። ለራሳቸው የወሰዱት የበጋና የክረምት ልብስ፣ እንዲሁም የአንድ መካከለኛ የቁረይሽ ሰው ምግብ እንደ ነበረ ለሕዝቡ በግልጽ ተናግረዋል።

ሁለተኛው መብቃቃት ነው። ኢማም አል ማወርዲ «አል አሕካሙ አስ ሱልጧኒያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የወታደር አበል ሲወሰን ሦስት ነገሮች እንዲታዩ ጽፈዋል፤ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ብዛት፣ የሚያኖራቸው ፈረሶችና የሚኖርበት አገር የገበያ ዋጋ። አበል ለቤተሰብ ካልበቃ ወታደሩ የጎደለውን ከየትም ያመጣል፤ የሚያመጣውም ከቅርቡ ቤት ነው። ስለዚህ በግድ የተበላ ምግብ በበላው ላይ ግፍ መኾኑ እንዳለ ኾኖ፣ አበሉን የከለከለው አለቃም ከኃላፊነት አያመልጥም። ሕዝባችን «ደመወዝ» የሚለውን ቃል «ደምና ወዝ» ብሎ ይፈታዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ የሠራተኛ ዋጋ ወዙ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ማዘዛቸው በሐዲስ ይታወቃል። ወዙን የከፈለ ሰው ዋጋውን ከሌላው ጎተራ እንዲፈልግ ማድረግ ሁለት ሰዎችን መበደል ነው።

ሦስተኛው ከፋዩ ነው። የበላይ ኃላፊና የወታደር ክፍያ በተነጻጸረ ቁጥር መምህሩ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እንመክራለን፤ ይህ ከማን እጅ ወጣ? ከአቅሙ በላይስ ተሸከመ ወይ? ዑመር ለሁለቱ መሬት ለኪዎች ያቀረቡት ጥያቄ ይኸው ነበር። ሱረቱል ሐሽር (59፥7) ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ የሚዟዟር እንዳይኾን ማስጠንቀቁም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሹምና በወታደር መካከል ብቻ ቢዟዟርም ማስጠንቀቂያው አልተነሣም።

በመጨረሻ አንድ ሥራ እናሳስባለን። በላስታ፣ በመቄት፣ በቡግናና በግዳን ወታደር በቤት የተመራበትን፣ ሁዳድ የታረሰበትን፣ በኬላ የተከፈለበትን ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች አሁንም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ተማሪዎች ከእነዚህ አያቶች ስንት ቁና ገብስ፣ ስንት በግ፣ ስንት ቀን ጉልበት ለማን ይሰጥ እንደ ነበር ጠይቀው በደብተር ቢያሰፍሩ፣ ያልተጻፈው የላስታ ባላገር መዝገብ ቢዘገይም መጻፍ ይጀምራል።